መድኃኒቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል እስከ ዛሬ አልተሻረም። ይሁን እንጂ እነሱን ያልገጠማቸው፣ ለእኛ ዘመን የተረፈ ሌላ ጥያቄ አለ። በሽታውን ገልጦ፣ መድኃኒቱንም አግኝቶ ሲያበቃ የሚውጠውን መድኃኒት የደበቀ ሰውስ ምን ይገኝለት ይሆን? መደበቅ ስንል ዐውቆ የሚሸሽገውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የሚውጠውን ኪኒን ስሙን የማያውቅ፣ ወይም ዐውቆም የጠየቀው ሰው ስለሌለ ሳይናገር የቀረ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ወደ ሐኪም የቀረበ ሰው ገና ከመነሻው «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የተጠየቀውም ሰው መልስ ይኑረው፤ መልስ እንዲኖረው ማድረግ ደግሞ ከፊሉ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው እንላለን።

ከጅምሩ «ይህማ የሕክምና ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ሊያልፍ የሚያስብ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥቂት ይታገሠን። ነገሩ የሐኪም ብቻ ቢሆን ኖሮ በሐኪሞች መጽሔት ይወጣ ነበር እንጂ በማኅበራችን ወረቀት ላይ ቦታ ባላሻማን ነበር። ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የመዝገብና የቁጥር ጉዳይ ነው። የሕግ ተማሪውም፣ የቋንቋ ተማሪውም፣ የስታቲስቲክስ ተማሪውም የሚሠራው ሥራ አለበት።

በቅድሚያ ነገሩን እናስረዳ። ሕዝባችን «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» ይላል። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውኃው የሚገኘው በሳንባው ውስጥ አይደለም። ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው፤ አንደኛው ሽፋን ከራሱ ከሳንባው ጋር፣ ሁለተኛው ከደረት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው። በሁለቱ መካከል፣ በተነፈስን ቁጥር ሳንባው ሳይፋተግ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ጥቂት ፈሳሽ አለ። በጤነኛ ሰው ዘንድ ይህ ፈሳሽ ሁሉም ቢጠራቀም ከ1 ወይም ከ2 የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ ያለማቋረጥም ይመጠጣል። የሚመነጨው ከሚመጠጠው ሲበልጥ ግን መጠራቀም ይጀምራል። ለሳንባው የተሰጠውን ቦታ ውኃው ይይዝበታል፤ ሳንባውም ይጨመቃል። ሰውየውን ደረቅ ሳል ያስለዋል፤ ዳገት ሲወጣና በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንዱንም በረጅሙ ሲተነፍስ ጎኑን ይወጋዋል። ቆሞ በሚነሡት የደረት ራጅ ላይ በደንብ ለመታየት ውኃው 200 ሚሊ ሊትር ያህል መድረስ አለበት። እንግዲህ ራጅ ላይ የታየ ውኃ ከልኩ ብዙ እጥፍ ያለፈ ውኃ ነው ማለት ነው።

ውኃ የሚያስቋጥረው ምክንያት ብዙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ አለ፤ የሳንባ ምች አለ፤ የልብ ድካም፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታ፣ ካንሰርም አለ። ይህን ዝርዝር የሕክምና ተማሪዎች በቃላቸው ይወጡታል። በዝርዝሩ ጭራ ላይ ግን «መድኃኒት» የምትል አንዲት ቃል አለች። ዛሬ የምንናገረው ስለዚያች የጭራ ቃል ነው።

ለምሳሌ የምናነሣው ዳሳቲኒብ የተባለውን ኪኒን ነው። ታሪኩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር በተያዙ ሰዎች ሴሎች ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞሶም አዩ፤ በከተማውም ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባሉት ሊቅ ክሮሞሶሙ ያጠረው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ ስለተለዋወጡ መሆኑን አሳዩ። ከዚህ ልውውጥ የሚወለደው ፕሮቲን ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እንዲባዙ ያዛል። ለረጅም ዘመን ይህ በሽታ ብዙውን ታማሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጨርስ ነበር። ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ የሚያሥረው ኢማቲኒብ የተባለ ኪኒን እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በተፈቀደ ጊዜ ግን፣ ገዳዩ በሽታ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት በየቀኑ ኪኒን እየዋጡ አብረውት የሚኖሩት ሆነ። ኢማቲኒብ ላልሠራላቸው ወይም ላልተስማማቸው ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዳሳቲኒብ ተፈቀደ።

ዳሳቲኒብ ብዙ ነፍስ ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ይህ ሳይዘነጋ ይነበብልን። ነገር ግን የካንሰሩን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ የደም ሥር ግድግዳና የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚሠሩባቸውን ሌሎች ፕሮቲኖችም ይነካል። ውኃም ያስቋጥራል። ሕክምና ገና የሚጀምሩ 519 ታማሚዎች ግማሾቹ ዳሳቲኒብ፣ ግማሾቹ ኢማቲኒብ እየወሰዱ ለ5 ዓመት በተከታተላቸው ጥናት፣ ዳሳቲኒብ ከወሰዱት መካከል 28 ከመቶው በመድኃኒቱ ምክንያት በሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ቋጥረዋል። ኢማቲኒብ ከወሰዱት ግን 1 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የዳሳቲኒቡ ቁጥር 10 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። አንድ ኪኒን በተጀመረ በሳምንቱ ቢያስመልስ ማንም ሰው ኪኒኑን ይጠረጥራል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላም ሲዋጥ የኖረውን ኪኒን ግን ማን ይጠረጥረዋል? ታማሚው ራሱ «ይኸማ ያዳነኝ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያዳነው እሱ ነው፤ ውኃ ያስቋጠረውም እሱ ራሱ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ማለት ይህ ነው።

ከዚሁ መድኃኒት ታሪክ ሌላም የምንማረው አለ። ዳሳቲኒብ መጀመሪያ የሚሰጠው በቀን 2 ጊዜ 70 ሚሊ ግራም እየተደረገ ነበር። የሚቋጠረው ውኃ መብዛቱ ስለታየ በቀን 1 ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ከመስጠት ጋር ተነጻጸረ። በቀን 2 ጊዜ ከወሰዱት 16 ከመቶው ውኃ ሲቋጥሩ፣ በቀን 1 ጊዜ ከወሰዱት ግን 7 ከመቶው ብቻ ቋጠሩ፤ ካንሰሩን በመቆጣጠር በኩል አንዱ ከሌላው አላነሰም። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የመነሻው መጠን ተለወጠ። ይህ ለውጥ ከሰማይ አልወረደም። ታማሚዎቹ «ያስለኛል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል» አሉ፤ ሐኪሞቹ የተባለውን ጻፉ፤ የተጻፈው ተቆጠረ፤ የተቆጠረውም መጠኑን አስለወጠ። ታማሚው ዝም ቢል ኖሮ፣ ወይም ሐኪሙ ሰምቶ ባይጽፍ ኖሮ፣ ዛሬም በቀን 2 ጊዜ 70 ይዋጥ ነበር።

«ይህ ሁሉ በውጭ አገር የተደረገ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር መልሳችን የሚከተለው ነው። በአገራችን የዚህ ካንሰር ታማሚዎች በብዛት ሲታከሙ የኖሩት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ኖቫርቲስ የተባለው ኩባንያና ማክስ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በተባበሩበት የዕርዳታ ፕሮግራም ኢማቲኒብ በነጻ ሲታደል የኖረውም እዚያው ነው። በአሜሪካ ይህ በሽታ ይበልጡን የአዛውንቶች ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ብዙዎቹ ታማሚዎች ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ኢማቲኒብ ያልሠራለት ሰው ደግሞ፣ ቢያገኝ፣ ወደ ሁለተኛው ትውልድ መድኃኒቶች ይሸጋገራል፤ ዳሳቲኒብ ከነዚህ አንዱ ነው። ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ ሄዶ ኪኒኑን ይዞ የሚመለስ አለ። በአሜሪካ የሚኖር ወንድም ወይም እኅት በመንገደኛ ሻንጣ የሚልክለትም አለ።

አሁን የነገሩ ብርቱ ክፍል ላይ ደረስን። እስቲ ዳሳቲኒብ ሲወስድ ሦስት ዓመት የሆነውን አንድ የገጠር ከተማ ነዋሪ በሐሳባችን እናቁም። ሳል ያዘው። መጀመሪያ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሞከረ፤ ቀጥሎ ዳማከሴ አሸተተ። አልተወውም። ወደ ጥቁር አንበሳ መሄድ የአውቶቡስ ገንዘብና ማደሪያ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ሄደ። ራጅ ተነሣ፤ ውኃ ተገኘ። በእኛ አገር ሳንባው ውኃ የቋጠረን ሰው ያየ ሐኪም አስቀድሞ የሚያስበው የሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው፤ በሽታው በአገራችን ብዙ ነውና። ውኃው በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል። የነቀርሳ ውኃ ፕሮቲን የበዛበት፣ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያመዝኑበት ነው። ዳሳቲኒብ የሚያስቋጥረውም ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ልክ እንደዚሁ ነው! የነቀርሳው ጀርም ራሱ ደግሞ፣ በሽታው በእርግጥ ቢኖርም እንኳ፣ ከዚህ ውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ «ጀርም አልተገኘም» ቢባልም ሐኪሙ የነቀርሳውን መድኃኒት በግምት ያስጀምራል። ይህም በየትም የሚሠራበት ልማድ ነው።

መድኃኒቱ የ6 ወር ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ሪፋምፒሲን አለበት። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ አፍርሶ እንዲያስወግድ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ሰዎች በቀን 600 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን ለ8 ቀን ወስደው ዳሳቲኒብ በተሰጣቸው ጊዜ በሰውነታቸው የተገኘው የዳሳቲኒብ መጠን በ82 ከመቶ ቀንሶ ታይቷል። ይህ ማለት ሰውየው 100 ውጦ 18 እንደ ዋጠ ነው። ኢማቲኒብንም እንደዚሁ በብርቱ ይቀንሰዋል።

እንግዲህ የሚሆነውን እናስብ። ዳሳቲኒቡ በሰውነቱ ውስጥ ስለሟሸሸ የቋጠረው ውኃ ሊደርቅ ይችላል። ውኃው ሲደርቅ ሐኪሙ «ነቀርሳ ነበር፤ ተሻለው» ይላል። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ሳሉም ይተወዋል። ካንሰሩ ግን ጠባቂው ተነሥቶለታልና በስውር መባዛቱን ይቀጥላል። ማንም አልበደለም፤ ሐኪሙ ያየውን አክሟል፤ ታማሚው የታዘዘውን ሁሉ ውጧል። ሆኖም የ6 ወሩ መድኃኒት ሲያልቅ ሰውየው ከጀመረበት ሊብስ ይችላል። ለዚህ ሁሉ መከላከያው ምን ነበር? ውድ መሣሪያ አልነበረም። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚል የሦስት ቃል ጥያቄና ለጥያቄው የሚሰጥ የአንድ ቃል መልስ ነበር።

ይህን ስንል የሚከተለውን እንዳልን ተደርጎ እንዳይወሰድብን። ዳሳቲኒብ የሚወስድ ሰው ነቀርሳ አይዘውም አላልንም፤ ሊይዘው ይችላል፤ ከያዘውም መታከም አለበት። ሐኪሙ ሁለቱን ካወቀ ግን መላ አለው፤ የሚጋጨውን መድኃኒት ይለውጣል፤ ወይም የካንሰሩን ሐኪም በስልክ ያማክራል። እንዲሁም ያሳለው ሁሉ ኪኒኑን አሽቀንጥሮ ይጣል አላልንም። በገዛ እጁ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ከሳሉ የከፋውን ጠላት በሩን ከፈተለት ማለት ነው። የሚያስፈልገው ለሐኪም መንገር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ያስቋጠረው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አለው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጥቂት ጊዜ ያስቆማል፤ በኋላም መጠኑን ቀንሶ ያስጀምራል፤ እንደ ሁኔታው የሚያሸና መድኃኒት ወይም ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይጨምራል፤ ውኃው ብዙ ከሆነ በመርፌ ይቀዳል። ከዚያም በኋላ ብዙው ሰው ወደ ሕክምናው ይመለሳል።

ታዲያ መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰዉ ስለ ምን አይናገርም? ምክንያቶቹን ከልብ ብንመረምራቸው ከኪኒኑ ይልቅ ስለ ራሳችን ኑሮ ብዙ ይነግሩናል።

አንደኛው ምክንያት የቤተሰብ ፍቅር ነው። በአገራችን አንድ ሰው ካንሰር መያዙ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ዘመድ ነው እንጂ ታማሚው አይደለም። ዘመድም «ይደነግጥብናል» ብሎ ይደብቀዋል፤ ኪኒኑን «የደም ማነስ ነው» እያለ ያስውጠዋል። ታማሚው ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ቢጠየቅ እንኳ የሚመልሰው ያንኑ ነው። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የሚያስከፍለው ዋጋ ታማሚው ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከኪኒኑ ጋር ታጥፋ የምትመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ናት፤ ፊደሏም ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። «ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ማን ያንብበው? እኛ በእንግሊዝኛ የምንማረው እንኳ ስንቶቻችን እንዲህ ያለችውን ወረቀት ከፍተን እናነባለን?

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። መድኃኒቱን በነጻ ያገኘ ሰው «ጎዳኝ» ማለት ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል፤ ይልቁንም «ካማረርኩ ይቀሙኛል» ብሎ ይፈራል። በነጻ የተሰጠን መድኃኒት ጉዳት መናገር ግን ሰጪውን መንቀፍ አይደለም። በገንዘቡ የገዛውም፣ በችሮታ የተሰጠውም ሳንባቸው አንድ ነው።

አራተኛው ወረፋ ነው። ከበር ውጭ መቶ ሰው ቆሞ እያለ ለአንድ ታማሚ አምስት ደቂቃ የሌለው ሐኪም ስለ ኪኒን ታሪክ ሊያወራ አይችልም። ሐኪሙን ለመውቀስ አንቸኩልም፤ በዚያ ወንበር ላይ ነገ የምንቀመጠው ከመካከላችን ነንና። ነገር ግን ጊዜ በጠበበ መጠን ታማሚው መልሱን በጽሑፍ ይዞ መምጣቱ የበለጠ ያስፈልጋል።

አንድ ወዳጃችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ሁለት ተቃውሞ አቀረበ። የመጀመሪያው «ለአንድ መድኃኒትና ለጥቂት ሰዎች ይህን ያህል መጮኽ አይበዛም ወይ?» የሚል ነው። ዳሳቲኒብን ለምሳሌ አነሣነው እንጂ ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ ለሽንት ቧንቧ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን፣ ለቁርጥማትና ለካንሰር የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚን፣ እነዚህ ሁሉ በጥቂት ሰዎች ላይም ቢሆን የሳንባን ሽፋን ውኃ ሊያስቋጥሩ ይችላሉ። ራሱ የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ እንኳ አልፎ አልፎ ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ጥያቄው ለሁሉም ታማሚ የሚጠቅም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ስለ መድኃኒት ጉዳት መጻፍ ሕዝቡን አስፈርቶ መድኃኒት ያስተዋል» የሚል ነው። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ነገር ግን ሕዝብን የሚያስፈራው ዕውቀት ሳይሆን ግማሽ ዕውቀት ነው። ማንም ሳይነግረው ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው ደንግጦ ኪኒኑን የሚጥለው። «ይህ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ለሐኪም ንገር፤ ራስህ አታቋርጥ» ተብሎ የተነገረው ሰው ግን ሲመጣ ያውቀዋል። ሕዝቡን አያውቅም እያሉ ማሳወቅን መፍራት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይጠበቅ ነው።

የመድኃኒት ጉዳት በዝምታ ሲታለፍ ምን እንደሚያስከትል ዓለም አንድ ጊዜ በመራራ ተምሯል። ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት እንዲወለዱ ማድረጉ እ.ኤ.አ. በ1961 እስኪታወቅ ድረስ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እንደተጎዱ ይገመታል። ከዚህ በኋላ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 የመድኃኒት ጉዳትን በየአገሩ እየለቀመ የሚመዘግብ ፕሮግራም ያቋቋመው፤ መዝገቡም በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ይጠበቃል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 የዚሁ ፕሮግራም አባል ሆናለች። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚሁ ሥራ ያዘጋጀው ቢጫ ቅጽ አለ። ሐኪሙ፣ ነርሱና ፋርማሲስቱ በመድኃኒት ምክንያት የመጣ መስሎ የታያቸውን ጉዳት ሞልተው የሚልኩበት ነው፤ ለመላክም መጠርጠር ይበቃል እንጂ ማረጋገጥ ግድ አይደለም። ቅጹ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ካደረ ግን የእኛ ሰዎች ሳል በዓለም መዝገብ ላይ የለም ማለት ነው። ያልተቆጠረ ሕመም ደግሞ መጠን አያስለውጥም። በሌላ አገር ሰዎች ላይ የተለካው መጠን ለእኛ ሰዎች፣ በዕድሜያቸው ወጣት ለሆኑት፣ ነቀርሳ በበዛበት አገር ለሚኖሩት ይስማማ አይስማማ የሚታወቀው ከእኛው ዘንድ በሚላክ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መቀመጥ የተማሪ ልማድ ሆኗል እንዳንባል የምንለውን በግልጽ እናስቀምጥ።

አንደኛ፤ የሕክምና፣ የነርስነትና የፋርማሲ ተማሪዎች በየዋርዱ ሲመደቡ የታማሚውን ታሪክ በሚጽፉበት ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ጥያቄ በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ይጠይቁ። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «አይ» ይባላል። «በየቀኑ የሚውጡት ኪኒን አለ? ከየት ያመጡታል? ከውጭ አገር የሚላክልዎ አለ? ሣጥኑን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፤ የፋርማሲና የቋንቋ ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ለረጅም ጊዜ ለሚዋጡ መድኃኒቶች አንድ አንድ ገጽ የሆነ ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ያዘጋጁ። በገጹ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍበት፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ሲሰማዎ ለሐኪም እንደሚናገሩ፣ ከምን መድኃኒት ጋር እንደማይስማማ። መምህራን አይተው ሳያርሙት ግን አንድም ቅጂ አይውጣ። በመድኃኒት ነገር የትርጉም ስሕተት ሰው ይገድላልና።

ሦስተኛ፤ የሚወስደውን መድኃኒት ስም፣ መጠኑንና የጀመረበትን ቀን የያዘች፣ ከመታወቂያ ወረቀት የማትበልጥ ካርድ እያንዳንዱ የረጅም ጊዜ ታማሚ በኪሱ ይያዝ። ማንበብ የማይችል ቢሆን እንኳ ካርዷን አውጥቶ ማሳየት ይችላል። የበሽታውን ስም ቤተሰቡ መደበቅ ቢፈልግ የመድኃኒቱ ስም ብቻ ይጻፍባት፤ ለሐኪሙ እሱ ይበቃዋል።

አራተኛ፤ የስታቲስቲክስና የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ይህን ይመልከቱ። ቢጫው ቅጽ ስንቱ ጤና ጣቢያ ይገኛል? ስንቱ ተሞልቶ ይላካል? ላኪው መልስ ያገኛልን? ታማሚው ራሱ እንዲያመለክት መንገድ አለው ወይ? እነዚህ የሚጠኑ ጥያቄዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው ግን ስብሰባ በመጥራትና ኮሚቴ በማቋቋም አይደለም። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከእናታችን ራስጌ፣ ከአባታችን መሳቢያ፣ ከአያታችን መቀነት ውስጥ የተቋጠረ ኪኒን እናገኛለን። እኛ ልጆቻቸው ስሙን ማንበብ እንችላለን። እናንብበው፤ በወረቀት እንጻፈው፤ ከየት እንደመጣና ከመቼ ጀምሮ እንደሚዋጥ እንጠይቅ። የሚያስል ካለ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ፣ ወረቀቷን በእጁ አስይዘን ወደ ሐኪም እንላከው። ያቺ ወረቀት የሐኪሙን ሥራ አትሠራለትም፤ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ግን ታሳየዋለች።